ከተማዋን የሠሩት የእንግዳው አያት ናቸው

አጎቴ ማህጁብ እንግዳ ሲያገኝ ከሰላምታም ቀድሞ «ከየት መጣችሁ?» ይላል። ለወሬ ያህል የሚጠይቅ ይመስላል። ነገር ግን መልሱን ሳይሰማ ስለ ሱዌራ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ከተማዋን ማን እንደሠራት ገና አያውቅማ!

እንግዶቹ ከፖርቱጋል ከሆኑ ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው። ከእንግሊዝ ከሆኑ እንግሊዞች። ከፈረንሳይ ከሆኑ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው፤ ይህኛው እውነትነት ስላለው አጎቴ ብዙም አይወደውም፣ እጁን ያስረዋል። አንድ ጊዜ ከኮሪያ የመጡ ባልና ሚስት ገጠሙት። ትንሽ አሰበና ድንጋዩን በባሕር ጭኖ ያመጣው አንድ ኮሪያዊ መርከበኛ መሆኑን ነገራቸው። ሰውዬው ግንቡን በመዳፉ ዳበሰ፤ ሚስቱ ፎቶ አነሳችው፤ ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ንፋሱም ሊሆን ይችላል። በሞሮኮ ምድር ንፋስ የሚወለድበት ቦታ ካለ ሱዌራ ነው።

በባሕሩ በኩል ባለው ግንብ ላይ የድሮ የነሐስ መድፎች ተደርድረዋል። አጎቴ የሚቆምበት መድፍ ላይ ባርሴሎና የሚል ተቀርጿል። ከእስፔን ያልመጣ እንግዳ ሲይዝ «ኧረ ጉልበቴ!» ብሎ ጽሑፉ ላይ ይቀመጣል። ጀለቢያው ሰፊ ነው፤ ባርሴሎናን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል። አንድ ቀን ባል ፖርቱጋላዊ፣ ሚስት ፈረንሳዊት ሆኑበት። ግንቡን ማማው ጋ ለሁለት ከፈለላቸው። ምሳ ላይ ማማው የማን እንደሆነ ሲጨቃጨቁ አይቻቸዋለሁ።

እኔ ሚሉድ፣ የእህቱ ልጅ፣ እውነተኛውን ታሪክ አውቀው ነበር። ትምህርት ቤት ጨርሼ ሥራ ባጣሁባቸው ዓመታት ስለ ሱዌራ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንብቤ ነበር። ግንቡ በማን ዘመን እንደተጀመረ፣ መድፎቹ ከየት እንደመጡ፣ ሱልጣኑ ለምን ነጋዴዎችን እዚህ እንዳሰፈረ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አንዴ አጎቴ ባመመው ቀን ሁለት ጀርመኖችን አስጎብኝቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ነበሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስዞር አንዱ ቀርቷል፤ ሌላው ደግሞ ለምን እንደቀረ ሊጠይቀው ሄዶ በዚያው ጠፋ።

አጎቴ ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ሚስት አላገባም ነበር። «ሥራ ይበዛብኛል» ይላል። እናቴ ደግሞ «ውሸታም ስለሆነ ማንም አላመነውም» ትላለች። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ሃኒያ መጣች።

ሃኒያ ባሏ የሞተባት የገጠር ሴት ናት። ሐሙስ ሐሙስ እንቁላልና የአርጋን ዘይት ይዛ ዱካላ ከሚባለው የከተማው በር ውጭ ትቀመጣለች። አጎቴ በመጀመሪያው ቀን በልማዱ «ከየት መጣሽ?» አላት።

«ከቤቴ» አለችው። «እንቁላል ትገዛለህ ወይስ ልታስረኝ ነው?»

አንዲት ሴት ሁለት መስመር ተናግራ አጎቴን መልስ ያሳጣችው ያን ቀን ነው። እንቁላል ገዝቶ መጣ። አጎቴን እንቁላል አይስማማውም፤ ሆዱን ይነፋዋል። ከዓመት በላይ ግን አንድም ሐሙስ ሳይዘል ገዛ። ማን በላው? እኔ። የአጎቴን ፍቅር በየአስኳሉ እያላመጥኩ የጨረስኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ እንቁላል ሳይ ያንገሸግሸኝ ጀመር። እናቴን «ወይ ያግባት ወይ ዓሣ ሻጭ ይውደድ» አልኳት።

እናቴ ሄዳ ጠየቀች። ሃኒያ እምቢ አላለችም፤ «ወንድሜን ዓላልን አናግሩት» አለች። ዓላል በግ ነጋዴ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በጎቹን ከግንቡ ውጭ ሸጦ ይመለሳል እንጂ አንድ ቀን እንኳ ወደ ከተማው ገብቶ አያውቅም ነበር። ቃሉን በሃኒያ በኩል ላከ፦ «እህቴን ድንጋይ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ድንጋዩን ልየው።»

በዋዜማው እናቴ አጎቴን ፊቷ አስቀመጠችው።

«ማህጁብ፣ ነገ አፍህን አትከፍትም።»

«ምን አደረግሁ?»

«ገና ምንም አላደረግክም፤ ለዚህ ነው ዛሬ የምነግርህ። ሰውዬው ቱሪስት አይደለም። የበግ ጥርስ ገልጦ የሚያይ ሰው ነው። አንድ ውሸት ከሰማ እህቱን አታያትም። ከተማውን የሚያሳየው ሚሉድ ነው።»

«ሚሉድ?» አለ አጎቴ። «ሰውዬውን እንቅልፍ ይወስደዋል!»

«እንቅልፍ የወሰደው ሰው እምቢ አይልም» አለችው እናቴ።

እኔ አልተቀየምኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ሸሚዜን ተኮስኩ። በመስታወት ፊት ቆሜ ስለ ሱልጣኑ ተናገርኩ። እጄን መቼ ወደ ባሕሩ እንደምዘረጋ ሁሉ ተለማመድኩ።

ዓላል ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠመ ሰው ነበር። በቅሎውን ከበሩ ውጭ አስሮ ገባ። በያለፈበት ግንቡን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል፤ መስባቱን የሚያጣራ ይመስላል። የተናገርኩትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ንፋሱ ወሰደው። ሁለተኛውን ጮኼ ተናገርኩ። ከጥንቱ ነበር የጀመርኩት፤ ፊት ለፊታችን ካሉት ደሴቶች፣ ሮማውያን ከባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም ያወጡ ከነበረበት ዘመን።

«ቀንድ አውጣውን ይበሉታል?» አለኝ ዓላል።

«አይ፣ ለቀለሙ ብቻ ነው።»

«ሳይበሉት?»

«አዎ፣ ሳይበሉት።»

«እሺ፣ ቀጥል» አለ። ለሮማውያን የነበረው ክብር ግን ሲወርድ ፊቱ ላይ አየሁት።

ቀጠልኩ። ሱልጣኑን አመጣሁ፣ ወደቡን፣ ነጋዴዎቹን፣ መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉበትን ምክንያት። ዓላል አንዴ አዛጋ፤ ከዚያ አፉን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፍኖ ማዛጋቱን ቀጠለ። አጎቴ ከኋላችን ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይከተላል። መድፎቹ ጋ ስንደርስ እግሩ በልማድ ወሰደውና ባርሴሎና ላይ ተቀመጠ። እኔ ስለ ነሐስ አቀላለጥ ልጀምር ስል አልቻለም፤ ለአክብሮት «ሲ» ብሎ ጠርቶት ፈነዳ።

«ሲ ዓላል! ይህ ልጅ ዋናውን አልነገረዎትም። ይህን ግንብ የሠሩት የእናንተ ሰዎች ናቸው። የእርስዎ ቅድመ አያቶች! ያለ እነሱ እጅ አንድ ድንጋይ በአንድ ድንጋይ ላይ አልቆመም።»

ዓላል ማዛጋቱን አቆመ። ጥምጣሙን ከአፉ ላይ አወረደ።

«ማን ነገረህ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

ዓላል ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የተማርከው። እውነት ነው?»

አጎቴ አፈጠጠብኝ። ዓይኑ በሙሉ «አዎ በል» ይለኝ ነበር። አዎ ሁለት ፊደል ነው፤ ካነበብኳቸው ቃላት ሁሉ አጭሩ ሳይሆን አይቀርም። ሃኒያ፣ ሰርጉ፣ የአጎቴ የቀረው ዕድሜ፣ እንዲሁም የእኔ ከእንቁላል መገላገል በእነዚያ ሁለት ፊደሎች ላይ ተንጠልጥለዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የታየኝ፦ ሰው ጠየቀኝ! በሕይወቴ ስለ ታሪክ ሰው ጠየቀኝ!

«እውነቱን ለመናገር፣» ብዬ ጀመርኩ።

ከዚያ ማን ያቁመኝ። የፈረንሳይ መርከቦች ከባሕር ሆነው ከተማዋን በመድፍ እንደደበደቡ ነገርኩት። ሕዝቡ ሸሸ፣ ወታደሩ ተበተነ። በሮቹ ጠባቂ ሲያጡ በዙሪያው ያለው ገጠር ገባና ያገኘውን ሁሉ ዘረፈ፤ ምንጣፉን፣ የሻይ ብርጭቆውን፣ የመስኮቱን ብረት፣ የጣሪያውን እንጨት። «በር እንኳ አልቀረም፤ ከነመቃኑ እየነቀሉ በበቅሎ ጫኑት» አልኩ።

«በሩንም?» አለ ዓላል።

«በሩንም። ከነመቃኑ።» ዝምታውን የአድናቆት አድርጌው «ነሐሴ ላይ ነበር» ብዬ ጨመርኩለት፤ ወሩ የሚጠቅመው ይመስል።

ዓላል ጥምጣሙን አስተካከለ። አጎቴን ብቻ «ደህና ዋል» አለው። በመጣበት በር ወጥቶ በቅሎውን ፈትቶ ሄደ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሰርዲኑን ከቲማቲም ጋር ሠርታ፣ ገበታውን ዘርግታ፣ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች።

«እንግዳው የት አለ?»

«ነሐሴ ላይ ሄደ» አለ አጎቴ፤ ገብቶም ተኛ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሃኒያ የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር። አጎቴ ቅርጫቱን ይዞ ባዶው ቦታ ፊት ብዙ ቆመ። አጠገቡ ያለችው ናና ሻጭ አዝናለት ይመስለኛል አንድ እስር ናና በነጻ ሰጠችው። ከእኔ ጋር አይነጋገርም። ያ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ሥራውም ጠፋበት። ከየት እንደመጡ ሳይጠይቃቸው ሁለት ሴቶች ይዞ ሲሄድ ተከተልኩት። «ይህ ግንብ ነው» አላቸው። «ያ ባሕር ነው።» ትንሽ ጠበቁት። ምንም አልጨመረም። እሱ ያላለው ስንት ነገር አለ መሰላችሁ! እኔ ልሞላላቸው አፌን ስከፍት አጎቴ አየኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«የተጠየቅኸው አንድ ቃል ነበር» አለችኝ እናቴ። «አንድ ቃል! ሰው እህቱን ሊድር መጣ፣ አንተ ዘራፊ ብለህ ሸኘኸው። ደግሞ ወሩን ነገርከው።»

«እውነት ነዋ፣ እማ።»

«እውነት ነው። እውነቱን ታገባዋለህ እንግዲህ፣ ለአጎትህም አንዱን ትድርለታለህ።»

በመጨረሻ እሷው ላከችን። በአገራችን ለይቅርታም ለጋብቻም ሲኬድ እንደ ሾጣጣ ተራራ የተሠራ፣ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይያዛል። እኛ ለሁለቱም ስለነበር የምንሄደው እናቴ ትልቁን ገዛች። ፒክአፕ ላይ ከፍየሎች ጋር ተጭነን ሄድን። ስኳሩን እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ፤ ፍየሎቹ ወረቀቱን ይበሉታል። አጎቴ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀመጠ።

የዓላልን ቤት ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገንም። ከሩቅ በር ታየን። ቤት አላልኩም፣ በር። ሁለት ሰው ተደራርቦ የሚያስገባ፣ ከላይ ቅስት ያለው፣ ዳር ዳሩ አበባ የተቀረጸበት፣ እጅ የመሰለ የናስ ማንኳኪያ የተንጠለጠለበት የከተማ በር። ከኋላው ጭቃና ድንጋይ የሆነች ዝቅ ያለች ቤት አለች። በሩ ከጣሪያዋ በላይ ወጥቶ ስለቀረ ለእሱ ብቻ ሲባል ግድግዳውን ወደ ላይ ቀጥለውለታል። ትልቁ በር አይከፈትም፤ ሰዎቹ እሱ ውስጥ በተሠራች ትንሽ መዝጊያ ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ዓይኔ ቁልቁል ወደ መቃኑ ሄደ። ከነመቃኑ ነው።

«ዝም በል» አለኝ አጎቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አልተናገርኩም እኮ።»

«እያሰብክ ነው። ይሰማኛል።»

ዓላል በትንሿ መዝጊያ ጎንበስ ብሎ ወጣ። ስኳሩን ተቀበለን፤ የተበላውን ወረቀት በጣቱ ዳበሰ። በሩ ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀመጠንና ሻዩን በገዛ እጁ ቀዳ።

«ይህን በር ታዩታላችሁ» አለ። «አባቴ የነገረኝ፣ ለእሱም አባቱ የነገረው፣ ቅድመ አያታችን ሱዌራን ከሠሩት ግንበኞች አንዱ ነበር። ሱልጣኑ በእጁ ሥራ ተደስቶ ይህን በር ሸለመው። የዚህ አገር ሰው ሲጣላ እዚህ ሥር ነው የሚታረቀው። ሲጋባ እዚህ ሥር ነው። እኔ ወደ ከተማችሁ ያልገባሁት ጠልቼ አይደለም። እዚያ ስለ እኛ የሚያውቅ ሰው ባላገኝስ ብዬ ነው። አንተ ማህጁብ ያን ቀን ‹የእናንተ ሰዎች ሠሩት› ስትለኝ ልቤ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አልረሱንም አልኩ።»

አጎቴ በዘፈቀደ የወረወረው ውሸት የሰውዬው ቤተሰብ ሲጸልይበት የኖረው ታሪክ ላይ አርፎ ነበር። ያንን ነው እኔ በተተኮሰ ሸሚዝ ሄጄ ያፈረስኩት።

«ከዚያ ይህ ልጅ ከነመቃኑ አለኝ» አለ ዓላል። ሳላስበው መቃኑን አየሁ። ማየቴን አየ። «አሁን አንተን እጠይቅሃለሁ፣ ማህጁብ። ያን ቀን የነገርከኝ እውነት ነበር? እውነት ከሆነ እህቴን ዛሬ ይዘህ ሂድ።»

አጎቴ አፉን ከፈተ። ለማንም የማይሰስተው መልስ ነው፤ ከኮሪያ ለመጣ ሰው የሰጠውን ለሃኒያ ወንድም ሊነፍግ? እኔ ራሴ በልቤ «በለው፣ በለው» እያልኩ ነበር። ትንሿ መዝጊያ ገርበብ ብላለች፤ ከሥሯ የሴት ቀሚስ ጠርዝ ይታያል። አጎቴ ያን ጠርዝ አየ፤ በሩን ቀና ብሎ አየ፤ ሻዩን አስቀመጠ።

«አላውቅም» አለ።

ይህን ቃል ከአጎቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለራሱም እንግዳ ሆኖበት ይመስለኛል፣ ደገመው። «አላውቅም፣ ሲ ዓላል። ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው። ለኮሪያዎችም ኮሪያዎች ሠሩት ብያለሁ።»

«ኮሪያ የት ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

ከበሩ ጀርባ ሳቅ ተሰማ። ሃኒያ ራሷን በእጇ ይዛ፣ እየሳቀች፣ ጎንበስ ብላ ወጣች።

«ዓላል፣ ይህን በር ከውስጥ በኩል አይተኸው ታውቃለህ?» አለች። «መቃኑ ከጀርባው በመጥረቢያ የተፈለጠ ነው። ሱልጣን ሲሸልም በመጥረቢያ ነቅሎ ነው እንዴ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ሴቱ ሁሉ ያውቃል። እናንተ ከሥሩ ሻይ ትጠጣላችሁ፤ በሩን ዘይት የምንቀባው እኛ ነን። እማማ ‹ለአባታችሁ እንዳትነግሩ፣ ያዝናል› አለችን፤ አልነገርንም። አንተም ታዝናለህ ብዬ ነው።»

ዓላል በሩን ብዙ አየው። ከዚያ አጎቴን። የበግ ጥርስ እንደሚያይ ሁሉ አገላብጦ አየው።

«ይህን ነው የምትፈልጊው? ኮሪያ የት እንደሆነ የማያውቀውን?»

«ባያውቅም አላውቅም አለ» አለች ሃኒያ። «ሟቹ ባሌ አንድ ቀን እንኳ ብሎት አያውቅም፤ ነፍሱን ይማረውና።»

አጎቴ ሊናገር ፈለገ፤ ክርኔን አገኘና ጨመቀው። የፈለገው ድጋፍ ይሁን በቀል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ክርኔ ለሳምንት አሞኛል።

«ውሰዳት» አለ ዓላል በመጨረሻ። «በሩ ግን እዚሁ ይቀራል። ታሪኩም እዚሁ ይቀራል። ሰርጉ እዚህ ሥር ይሆናል፤ አገሩ ሁሉ ይመጣል፤ ስለ ቅድመ አያቴም እንደ ሁልጊዜው ይወራል። ይህ የተማረው ልጅ ደግሞ ከገባ እስኪወጣ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ።

«አሁን ጀምር» አለኝ።

ሰርጉ አምሮ ነበር ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ማኘኬን ነው። በጉ መጣ፣ በላሁ። የኮክና የለውዙ ወጥ መጣ፣ በላሁ። ሽማግሌዎቹ በሩ ሥር ተቀምጠው ሱልጣኑ ለግንበኛው ያለውን ቃል በቃል ሲናገሩ ዳቦ ጎረስኩ። አንዱ ሽማግሌ ሱልጣኑ የኖረበትን ዘመን በመቶ ዓመት ሲስት ደግሞ ትልቅ ቁራሽ ጎረስኩ፤ ሊያንቀኝ ነበር። ሰው ሲያናግረኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሙዚቀኞቹ ሲያርፉ ሴቶቹ ወደ እኔ እያዩ መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዲት አሮጊት ተነስተው መጡና መዳፋቸውን አናቴ ላይ አደረጉ።

«ምስኪን» አሉ። «እንዲህ መልኩ ያማረ ልጅ! ከልደቱ ነው?»

ነጭ ልብሱን ለብሶ ሃኒያ አጠገብ የተቀመጠው አጎቴ «ከልደቱ ነው፣ እማማ» አለ።

«አላህ ምላሱን ይፍታለት» አሉ አሮጊቷ፤ ሴቶቹ ሁሉ «አሚን» አሉ። «ይፈታለታል፣ ኢንሻላህ።»

«ይፈታል፣ ይፈታል» አለ አጎቴ። «ግን አይቸኩሉበት።»